ለእግረኛ መንገድ የበቃ ቡና

«ደህና ዋልሽ ሐያትዬ? ገበያ እንዴት ነው? ፀሐዩስ... ዛሬ ለልብስም ለቡናም የሚመች ፀሐይ ወጥቷል።»

አሰገደች ሱቋ በራፍ ላይ ቆማ፣ ከጎኗ ልብስ የምትሸጠውን ሐያትን ነው የምታናግረው። ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ግን ሐያት ጆሮዋ ከብዶ አይደለም። ፊት ለፊታቸው፣ መኪና ሲቆምበት ኖሮ ዘንድሮ ንጣፍ፣ አበባና አግዳሚ ወንበር የገባለት የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አንድ የተከበሩ ጎረቤት ጎንበስ ብለው ሸራ ላይ ያሰጡትን ቡና ያገላብጣሉ።

«እኔማ እኚያን ጎረቤታችንን ሳላመሰግን አልውልም። ኮሚቴ ሆነው ያን ሁሉ መኪና ያስነሱልን እሳቸው አይደሉ? ‹ይህ ቦታ ለደካማ ነው፣ ለሽማግሌ ነው› ብለው ሲናገሩ እንባዬ አልመጣም? ለቦታው አሳቢ ናቸው መቼም፤ ባዶውን እንዲውል እንኳ አንጀታቸው አልቻለም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ... እሳቸው መች በሉ? አሰጡ እንጂ።

እዚያ ወርቃ ወረዳ ቡናው ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ነው አሉ የሚደርቀው። አልጋ ብቻውን ምን ያደርጋል? የእሳቸው ቡና በግራ አበባ፣ በቀኝ አበባ፣ ሲደክመው ደግሞ አግዳሚ ወንበር... ይህን ክብር የየት አገር ቡና አየ?

ብልሃታቸውስ ብትይ። መኪና ቢቆም ሰው ጎኑን አጥብቦ ያልፍ ነበር። የተሰጣ ቡና ግን በዲላ ምድር ማን ይረግጣል? ነውር ነው። ይርጉዬም አልረገጠም...»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ሰለል አለ። ባሏ ይርጉ ግማሽ ጎኑን ካመመው ወዲህ ብቻውን መራመድ የጀመረው በዚሁ ንጣፍ ላይ ነበር። ትናንት ቡናውን ላለመርገጥ ብሎ አስፋልት ወረደ፤ ባጃጅ መጥቶ ከዘራውን ከእጁ አስጣለው። እሱ አልተነካም። ዛሬ ግን ውጣ ብትለው እምቢ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አሰገደች ተናዳለች፤ ከንዴቷ ይልቅ ግን ከእንግዲህ ጭራሽ አይወጣ ይሆን የሚለው ፍርሃቷ ይበልጣል።

«ጥፋቱ የይርጉ ነው ሐያትዬ። ቡና ፀሐይ በሚሞቅበት ሰዓት ከነከዘራው ምን አወጣው? የሰው ልጅ እንደሆነ ቤቱ ቁጭ ብሎም ይደርቃል... ፀሐይ የሚያስፈልገው ቡና ነው፤ አይደለም እንዴ?»

ቡናውን ማገላበጡ ቆመ። ሰውየው ግን ቀና አላሉም። አሰገደች ይህን ስታይ ድምፅዋን አለዘበች።

«ክፉ ተናገረች እንዳትዪኝ ደግሞ፤ እጄን ዘርግቼ ነው የምመርቃቸው፤ አንቺም አሜን በይ። ጤና ይስጣቸው፤ ቡናቸውን ይባርክላቸው፤ በከዘራ እስኪሄዱ ድረስ ዕድሜ ይጨምርላቸው... ያን ጊዜም ልክ እንደ እሳቸው ያለ ጎረቤት አያሳጣቸው።»