«እንዳትደክም» የተባለችው ልብስ ሰፊ

ጎረቤት «እትዬ ጥንቃቄ» የሚላቸው ሴት ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ እፍ ሳይሉ አይጠጡም። በዚያ ማክሰኞ ረፋድ የሕክምና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ የሄዱት ለእህታቸው ልጅ ተሽከርካሪ ወንበር ሊገዙ ነበር። ልጅቷ የሠላሳ አራት ዓመት ልብስ ሰፊ ናት፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው፣ የነርቭን ሽፋን እየጎዳ እግርንም ዓይንንም የሚያውከው በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ስምንት ወሩ ነው።

ሻጩ መጋዘን ገብቶ ሲቆይባቸው፣ አንዲት ወጣት መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሥራዋ ሕመምተኞችን በአካል እንቅስቃሴ ማከም ነው። ወሬ ወሬን አመጣና ወንበሩ ላይ ደረሱ።

«ጨርሶ መራመድ አቃታት እንዴ፣ እማማ?»

«ኧረ ምን በወጣት! ግድግዳ ይዛ በረንዳ ትደርሳለች። እኔ ነኝ የማልፈቅድላት።»

«ለምን?»

«እንዳትደክም ነዋ! ሐኪሙ በገዛ አፉ ‹እንዳትደክም ተጠንቀቁ› ብሎኛል። ከዚያን ቀን ወዲህ ብርጭቆ አላስነሣኋትም።»

ወጣቷ ወደ እሳቸው ዞር አለች። «የትኛውን ድካም ማለቱ ይሆን?»

«ድካም ደግሞ ስንት ዓይነት ነው?»

«ሁለት ነው። ሠርቶ የደከመ ሰው አርፎ ይነሣል። አቅም አጥቶ የደከመ ግን በተቀመጠ ቁጥር ይብስበታል። ሐኪሙ ጉልበቷ እንዳይደክም ማለቱ ይመስለኛል።»

እትዬ ጥንቃቄ ግራ ገባቸው። አንዲት ቃል ስምንት ወር ሙሉ ይዘው ኖረው፣ ዛሬ እጃቸው ላይ ለሁለት ተሰነጠቀች። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም።

«አንድ ቀን ሳላያት ደረጃ ወጥታ ዓይኗ ብዥ ብሎባት ነበር! ይህንንስ ምን ትይዋለሽ?»

«ከዚያስ?»

«አረፈች፤ ከሰዓት በኋላ ለቀቃት።»

«ሰውነቷ ሞቆ ነው። ሲቀዘቅዝ ዓይኗ ይመለሳል እንጂ በሽታው ጨመረ ማለት አይደለም። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በትንሽ በትንሹ ትጀምር። አዲስ ነገር ታይቶባት ቀን ሙሉ ካልለቀቃት ግን ወደ ሐኪም ነው።»

«መራመዱ ያድናታል?»

«አያድናትም። አልዋሽዎትም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?»

«ያላትን ጉልበት ያቆይላታል። ሚዛኗን ይጠብቅላታል፣ እንቅልፏን ያስተካክልላታል። መንፈሷንም ያነሣሣል። እኔን ግን አይመኑኝ፤ ሐኪሙን ይጠይቁት።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ አክስት ሁለቱንም ፈሩ፤ መቀመጡንም መነሣቱንም። እዚያው ሆነው ደወሉ።

«ዶክተር፣ ‹እንዳትደክም› ያሉኝ የትኛውን ድካም ነው?»

«ጉልበቷን እንዳታጣ ነዋ፣ እማማ። በየቀኑ እያራመዷት ነው አይደል?»

እትዬ ጥንቃቄ ስልኩን ዘግተው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሻጩ ወንበሩን እየገፋ ሲመጣ፣ «ልጄ፣ ለጊዜው ይቆይልኝ» ብለውት ወጡ።

ቤት ሲደርሱ የእህታቸው ልጅ በሦስት ትራስ መሐል እንደ ዕቃ ተቀምጣ ነበር።

«ተነሺ፣ ልጄ።»

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ። ወደ በረንዳ።»

ልጅቷ የአክስቷን ፊት አየች፣ ደነገጠች። «ምን ተፈጠረ?»

«የሐኪሙን ቃል በስሕተት ተረዳሁት። በሽታው ያደረገሽን አድርጎሻል፤ የቀረውን ያደከምኩሽ ግን እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «እኔም እኮ መነሣት እችል ነበር፣ አክስቴ። በተነሣሁ ቁጥር እርስዎ ሲያለቅሱ ሳይ ጊዜ ነው የተቀመጥኩት።»

ያን ቀን አሥራ አንድ እርምጃ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሱቅ ያገኟት ወጣት ባለሙያ እየመጣች ታሠራት ጀመር። ሦስት ወር ሲያልፍ ልብስ ሰፊዋ በመንገድ ሁለቴ እያረፈች ስፌት ቤቷ ትደርሳለች፤ ማታ ደህና ትተኛለች፤ ከደንበኞቿ ጋር ትሥቃለች። በሽታው የትም አልሄደም፤ እግሯ እምቢ የሚልበት ቀንም አለ። አካልን በልኩ ማንቀሳቀስ ሕመምን ባያጠፋ እንኳ ሰውን ለሕመሙ አሳልፎ አይሰጥም፤ ተንከባካቢ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

እትዬ ጥንቃቄ ግን እስካሁን ግራ እንደተጋቡ ናቸው። ጠዋት ጠዋት «ተነሺ» ልበል ወይስ «ተቀመጪ» እያሉ በሩ ላይ ይቆማሉ። ሲጨንቃቸው ጊዜ፣ «ዛሬስ ምን ይሻልሻል?» ይሏታል።

ልጅቷም ትነግራቸዋለች። እነዚያን ስምንት ወራት ግን ይህን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።