በበግ ሐዋሳ፣ በዶሮ ዲላ

አሰገደች ዲላ መናኸሪያ ውስጥ፣ ሐዋሳ ከሚጭነው ሚኒባስ ጎን ቆማ፣ ማንም እንዳያያት በነጠላዋ ጫፍ ቀኝ ዓይኗን ሸፈነች። መናኸሪያው ጠፋ። ባጃጁም፣ ሙዝ ሻጯም፣ ባሏ ሽብሩም አብረው ጠፉ። ነጠላውን ስታነሣ ሁሉም ተመልሰው መጡ፤ የእሷ ልብ ግን አልተመለሰም። ግራ ዓይኗ ማየት ካቆመ ከርሟል፤ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ታይታ፣ «የዓይን ግፊት ነው፤ ጠብታውን ሳታቋርጪ በየወሩ እየመጣሽ ተለኪ» ተብላ ነበር። ጠብታው አለቀ፣ ወሩም ወር እየወለደ ሄደ። ከሚኖሩበት ከጨለለቅቱ ሐዋሳ ድረስ ሁለት ሰው የሚያደርስ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ሽብሩ ክፉ ባል ሆኖ አይደለም። እንደ ብዙዎቻችን፣ ሩቅ የሄደ ሁሉ የሚድን የሚመስለው ሰው ነው።

«ጋሼ ሽብሩ፣ ደኅና ነዎት? እትዬስ እንዴት ነዎት?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። የጎረቤታቸው ልጅ ፍሬዘር ነበር፤ ዲላ የጤና ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶታል። «ዛሬ ወዴት ነው?»

«ሐዋሳ ነዋ። ለዓይኗ።» ሽብሩ «ሐዋሳ» ሲል አጠገቡ የቆሙት እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እዚሁ ዲላ ለምን አያሳዩአቸውም? የዓይን ክፍል አለ እኮ። ልምምድ የሠራሁት እዚያ ነው።»

ሽብሩ ሳቀ። «ልጄ፣ ዲላ ገበያችን ነው። ቡና ሸጠን ሳሙና የምንገዛበት። እዚህ ባሳክማት ሚስቱን ገበያ አዙሮ መለሳት ነው የሚሉኝ። ሐዋሳ ግን ሐዋሳ ነው። መንገዱ ብትል፣ ፎቁ ብትል፣ ሐይቁ ብትል። በሽታም እኮ ትልቅ ከተማ ሲያይ ይፈራል።»

«በሽታው የሚፈራው ጠብታውን ነው፤ ጠብታው ደግሞ እዚህም እዚያም ያው ነው» አለ ፍሬዘር በትሕትና። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለዛሬው መንገድ ምን ሸጡ?»

«በግ። ቡናው ዘገየብኝ።»

«አንድ በግ ሙሉ?»

«ታዲያስ። ከቤት ይርጋጨፌ ሞተር፣ ከይርጋጨፌ እዚህ መኪና፣ ከዚህ ደግሞ ሌላ መኪና። እዚያ ስንደርስ ባጃጅ አለ፣ ምግብ አለ፣ አልጋ አለ። ተራ ሳይደርሰን ከመሸ ሌላ አልጋ።»

«ዲላ ላይ ቢያበቃስ?»

ሽብሩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ያኔማ ጠዋት ወጥተን ማታ ቤታችን ነን። ምሳም እሷ ቆጮ ትቋጥራለች። ለመሳፈሪያ ዶሮ ይበቃል። ቢበዛ ሁለት።»

«በረት ውስጥ ስንት በግ ቀረዎት?»

«ሁለት።»

«እንግዲህ ሁለት ቀጠሮ ቀረዎት ማለት ነው። ይህ በሽታ ግን ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ ነው። በጎቹ ሲያልቁ እትዬ ምን ይሆናሉ?»

አሰገደችም ሌሊት ሌሊት ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ሽብሩ ግን እጁን አልሰጠም፤ ሰው ሲረታ የመጨረሻ ምሽግ አያጣምና።

«እውነትህን ይሆናል» አለ። «አሁን ግን ረፍዷል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ አስይዣለሁ። ሐዋሳ ልወስዳት ነው ብዬ ጉባኤው በሙሉ እጁን ዘርግቶ ጸልዮልናል። ከዲላ ብመለስ ምን እላቸዋለሁ? ለዲላ መንገድ ማን ጸልዮ ያውቃል?»

ፍሬዘር ሳቁ መጥቶበት ዋጠው፤ ሰውየው የምሩን ነበር። «ጋሼ፣ ጉባኤው የጸለየው ለመንገዱ ነው ወይስ ለዓይናቸው?»

በዚህ መሐል የሚኒባሱ ረዳት «ሐዋሳ፣ ሁለት ሰው የቀረው» እያለ መጣራት ጀመረ። ሽብሩ ዘንቢሉን ብድግ አደረገ። ፍሬዘር ግን ወደ አሰገደች ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እስከዚያ ድረስ እሷን የጠየቀ አልነበረም።

«እኔ ሐይቁን ማየት እፈልጋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ባለፈው መሽቶ ገባን፣ በነጋታው ሐኪም ቤት ውለን ተመለስን። ዛሬ ካላየሁት የማላየው መስሎኝ ፈራሁ።»

«ለምን አታዪውም?» አለ ሽብሩ።

«ግራው ጠፍቷል። ከጠፋ ቆየ። ብነግርህ የቀሩትን በጎች ትሸጣለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሽብሩ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠው። «አንቺ ሴት» አለ። ዓይኗን ሊነካ እጁን ዘረጋ፤ ሰው እንዳለ ትዝ ሲለው ትከሻዋ ላይ አሳረፈው።

«የጠፋው አይመለስም፤ አልዋሻችሁም» አለ ፍሬዘር። «ቀኙን ግን ቶሎ ከተያዘና ሳይቋረጥ ከተለካ ማትረፍ ይቻል ይሆናል። ከዚህ አቅም በላይ ከሆነ ሐኪሞቹ ራሳቸው ሐዋሳ ይልኳችኋል። ሐዋሳ ቆንጆ ናት፤ አልካድኩም። ግን ለጤና የሚመላለሱባትና ለዓይን አምሮት የሚሄዱባት ከተማ የግድ አንድ መሆን የለባትም። አንዱን በግ ለሐይቁ ያስቀምጡት።»

«አባባ፣ ትገባላችሁ?» አለ ረዳቱ።

«አንገባም። ሌላ ሰው ጫን» አለ ሽብሩ፤ ወደ ዲላው ዓይን ክፍል የሚወስዳቸው ባጃጅም ጠራ።

በሚቀጥለው እሁድ ሽብሩ ጉባኤው ፊት ቆሞ የጸሎት ርዕስ እንዳለው ተናገረ። «ዲላ ልንሄድ ነው» ሲል ከኋላ አንዳንዶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «በየወሩ ነው የምንሄደው። ቀጠሮ እንዳናጎድል ጸልዩልን።» ከዚያ ወዲህ ከጉባኤው ደም ግፊት ያለባትም፣ ስኳር ያለበትም ለሩቁ ከተማ ገንዘብ እስኪሞላ መጠበቁን ትተው ዲላ መመላለስ ያዙ። ጠዋት ሄደው ማታ ቤታቸው ይገባሉ፤ መድኃኒታቸው አይቋረጥም፣ ከብታቸውም ከበረት አይወጣም። ቅርብ ያለውን መናቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን ከአሰገደች ግራ ዓይን በላይ የሚመሰክር የለም።

ቡናው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ባልና ሚስት ለሐይቁ ያቆዩትን በግ ሸጠው ሐዋሳ ሄዱ። አሰገደች ዳር ላይ ቆመች። ነጠላዋን አነሣችና፣ በዚህ ጊዜ ግራ ዓይኗን ሸፈነች። ሐይቁ አልጠፋም።