በኦዴል ኮፍያ ውስጥ ስለተገኘው ደብዳቤ

የምስክሯ ስም፦ ቨርኔል ታድሎክ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ፀጉር ሠሪ፣ በግሏ
አድራሻ፦ ሚሲሲፒ፣ ሄዝልዊን ከተማ፣ ከባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ሜይ 9 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 3፡00
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዶይል ፕሪዊት

ከተጠርጣሪው ኦዴል ጊብስ ጋር ስላለኝ ዝምድና ተጠይቄ፣ የእህቴ ልጅ የሻርሜን ባል መሆኑን፣ ማርች 9 ቀን ሲጋቡ በምስክርነት የፈረምኩትም እኔ መሆኔን አስረድቻለሁ። ጠብ የለንም፤ ከፋሲካዋ ዕለት በቀር። ያን ዕለት ምሳ ላይ ኮፍያውን ሳያወልቅ ማዕድ በመቅረቡ ተቆጥቼዋለሁ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ደጃፍ ላይ ኮፍያውን ያወልቃል፤ በጸሎት ጊዜማ እስኪነገረው አይጠብቅም። እሱ ግን «እትዬ፣ ራሴን ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ እንዳደረገው በላ። ፀጉሩ ሳስቶ አፍሮ ነው ብዬ ለደንበኞቼ ማውራቴን አልክድም።

ሻርሜን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። የሥራ ሰዓቷ ስለማይሞላ ከመሥሪያ ቤቷ የጤና መድን አታገኝም። በጃንዋሪ የልቧ አንዱ በር በደንብ እንደማይዘጋ ታወቀ፤ ለጁን 4 የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተያዘላት። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ካልተደረገላት እስከ ገና እንደማትቆይ በፊቴ ነግሯታል። ኦዴል በዓሣ ፋብሪካው አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ መድን ነበረው። ለሴፕቴምበር የታሰበው ሠርግ ወደ ማርች የመጣው እሷ በእሱ መድን እንድትገባ ነው። ከሠርጉ ወዲህ በጠየቀችው ቁጥር «ወረቀቱ በሂደት ላይ ነው» ይላታል።

ትናንት ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ደውሎ፣ ስሟ በፋብሪካው መድን ላይ እንደሌለ ነገራት። ልጆቹን አድርሳ፣ አውቶቡሱን አቁማ፣ 9፡45 ላይ ሱቄ ገባች። ከንፈሯ ጠቁሯል። የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር በግማሽ ትቼ አብሬያት ሄድኩ።

10፡05 ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ደረስን። ወይዘሮ ኢሞጂን ፔክ በየረቡዑ እዚያ ትንሿ ክፍል ተቀምጠው፣ ሰው ከመንግሥት የመድን ገበያ ሲመዘገብ ያግዛሉ። መደበኛው ምዝገባ ኖቬምበር ላይ እንደሚከፈት፣ መድኑም የሚጀምረው በጃንዋሪ እንደሆነ ገለጹልን። ሻርሜን «እስከዚያ እኔ የለሁማ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወይዘሮዋ ያገባ ሰው ከሠርጉ ጀምሮ ስድሳ ቀን እንደሚሰጠው ነገሩን። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ በእርሳስ እየነኩ ቆጠሩ። ስድሳኛው ቀን ትናንት ሆኖ ተገኘ። ጋብቻው ብቻ ግን አይበቃም፤ ከሠርጉ በፊት በነበሩት ስድሳ ቀናት ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ ለአንድ ቀን መድን የነበረው መሆን አለበት። እኔ «ተመስገን! ኦዴል አለውኮ!» ብዬ ጮህኩ። ሻርሜን ደወለችለት። ሥራ ላይ ነኝ አለ።

ፋብሪካው በመኪና አርባ ደቂቃ ይርቃል። እሱ በስምንት ደቂቃ ደረሰ። ይህንን ልብ ብያለሁ። ደግሞም ዓሣ ዓሣ አይሸትም ነበር። እዚያ የሚሠራ ሰው በሎሚ ቢታጠብ ሽታው አይለቀውም፤ ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ምሳ ዕቃውን በእጁ ይዟል፣ ኮፍያውን አላወለቀም።

ወይዘሮ ፔክ «ልጄ፣ የፋብሪካው መድን አሁንም አለህ?» ሲሉ ጠየቁት። «በሂደት...» ብሎ አቆመ። «እንግዲህ ካለህ እሷን እዚያ ታስገባታለህ፣ እኔ ልረዳት አልችልም። ከተቋረጠ ደግሞ መቼ እንደተቋረጠ ቁርጡን ንገረኝ። የማላውቀውን ቀን አልጽፍም፤ መሐላ ነው።» ኦዴል ሚስቱን አየ። ሻርሜን «ተናገር እንጂ! ምላስህን ፋብሪካው እንደ ዓሣ ቆርጦ አሸገው?» አለችው። ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገ። 10፡35 ላይ ወይዘሮዋ ማህደራቸውን ዘጉ። በ11 ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ሻርሜን በስልኳ ልትመዘገብ ሞክራ፣ ስልኩ ማንነቷን አላረጋግጥ ብሏት ስለነበር ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ወይዘሮዋ ሲነሱ ተጠርጣሪው በሩ ላይ የነበረውን ቁልፍ አዙሮ ኪሱ ከተተ። ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። «ማንም አይወጣም» አለ። ይህን አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። የእህቴ ልጅ ባል ነው ብዬ አልደብቅም። ወይዘሮ ፔክ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቀፉ።  የጽዳት ሠራተኛው ሌስተር በመስታወቱ አየና «እማማ ኢሞጂን፣ ደህና ናችሁ?» እያለ በሩን መታ፤ በሩ አልከፈት ሲለው ሮጠ። ፖሊስ የጠራው እሱ ነው።

ሻርሜን ተነስታ ፊቱ ቆመች። «ኦዴል፣ ምን አደረግክ?» አለችው። ያኔ ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉሩ ደህና ነው፤ ሰውዬውን አምቼዋለሁ። ከኮፍያው ውስጥ፣ ከግንባሩ ማሰሪያ ሥር፣ በላብ የራሰች የታጠፈች ወረቀት አወጣ። ፋብሪካው ፌብሯሪ 23 እንዳሰናበተው፣ መድኑም ፌብሯሪ 29 እንዳበቃ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ሠርጋቸው ከዚያ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

«ይሄን ብነግርሽ አታገቢኝም ነበር» አላት። እሷም «አንተ ደደብ! በየማለዳው የማበስልልህን ምሳ የት ነበር የምትበላው?» አለችው። «ወንዝ ዳር። ሥራ ፍለጋ ዞሬ ስመለስ።»

ወይዘሮ ፔክ መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ይህ ወረቀት እኮ ያድናታል!» ብለው ቁጭ አሉ። ሲደብቀው የከረመው ነገር የፈለጉት ማስረጃ ሆኖ ተገኘ። የዓመቱን ገቢ፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ አድራሻውን እየጠየቁ ኮምፒውተራቸው ላይ ጻፉ። ኦዴል በሩ ላይ ቆሞ በሙሉ ድምፅ ይመልስ ነበር። ቁልፉን ቢያስታውሱትም አልሰማም፤ የረሳው ይመስለኛል። 10፡56 ላይ ማመልከቻው ገባ፣ መድኑ ተመረጠ፤ ከጁን 1 ይጀምራል። 10፡58 ላይ ፖሊስ ደረሰ። ቁልፉን ራሱ ሰጠ። ካቴና ሲገባለት ሻርሜን ኮፍያውን አንስታ ልታደርግለት ስትል፣ ኮፍያውም ደብዳቤውም በኤግዚቢትነት ተያዙ።

መውጣት ፈልጌ ተከልክዬ እንደሆነ ተጠይቄ፣ በሩ እንደተቆለፈ ፈልጌ ነበር፣ ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ግን ማንም ቢከፍትልኝ አልወጣም ነበር ብያለሁ። ወይዘሮ ፔክ ምን እንደተሰማቸው እሳቸው ይናገሩ።

አንድ ነገር ይጨመርልኝ። የመድን ገበያው ማስረጃውን በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላየ ምዝገባው ይፈርሳል። ፋብሪካው ላሰናበተው ሰው ሌላ ቅጂ አይሰጥም። ያ ወረቀት አሁን ሳጅኑ ጠረጴዛ ላይ በላስቲክ ውስጥ ነው። በኦዴል ላይ ሕግ የሚለው ይሁን፤ ልጅቷ ግን አልቆለፈችም።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቼ፣ ተነቦልኝ ሰምቼ፣ ያልኩት እንዳልኩት መጻፉን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ምስክር፦ ቨርኔል ታድሎክ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዶይል ፕሪዊት (ፊርማ)

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ኤግዚቢት ቁጥር 2፣ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ። ከጠዋቱ 3፡50 ላይ ቅጂው ተነስቶ፣ በጣቢያው ማኅተም ተረጋግጦ ለምስክሯ ተሰጥቷል።