የቆሰበር ፋይሎች

ሰኞ ጠዋት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤቴ አቶ ስማቸው ነበሩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ ሰው። ፊታቸው ጠቁሮ ስላየሁ፣ «ምነው፣ ደኅና አይደሉም?» አልኳቸው። ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው።

«ፋይል የሚፈልግ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። እኔ እንግዲህ ምን እሠራለሁ?»

ልመልስላቸው ስል አንዲት ሴት ገብተው ከፊታችን ተቀመጡ። ዞር ሲሉ የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ ወይዘሮ ሰውዳ ናቸው! አቶ ስማቸው ደብዳቤውን ሊደብቁ ተጣደፉ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና «ሊለቁ ነው» ብዬ አጋለጥኳቸው።

«በእኔ ምክንያት ነው?» አሉ ሰውዳ ደንግጠው።

«በማሽኑ ነው። ባለፈው ሳምንት እማማ ወርቅአየሁ የቤታቸውን ፋይል ፈልገው ቢመጡ ‹የለም› አላቸው፤ አለቀሱ። እኔ ግን ባንድ አፍታ አወጣሁት። ፋይሉ የተከፈተው በከተማዋ የድሮ ስም፣ በቆሰበር ነው፤ እሱ የሚያውቀው እንጅባራን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ማሽኑ የመጣ ዕለት ሰብስበው ‹ያልቻለ ቦታውን ይልቀቅ› አሉን። ከዚያ ወዲህ ሲሳሳት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። እውነቱን ልንገርዎት።»

ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። ሲወቀስ የማይቆጣ ኃላፊ ብዙ አላጋጠመኝም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ሰውዳ። «እኔም ማሽኑን አላውቀውም ነበር፤ አለማወቄን በቁጣ ሸፈንኩት። ዛሬ ሁሉም ባለበት ቃሌን አነሳለሁ። በማሽኑ ምክንያት ማንም ከሥራው እንደማይወጣ ጽፌ እፈርማለሁ። አጠቃቀሙን አብረን እንማራለን፤ የድሮዎቹን ስሞች ደግሞ እርስዎ ያስገቡለታል።»

«ሲሳሳትስ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«እኔ። እርስዎ ሳያዩትም ባለጉዳይ ‹የለም› ተብሎ አይመለስም።»

አቶ ስማቸው በረጅሙ ተነፈሱ፤ እኔንም ቀለል አለኝ። እስክሪብቶ ተቀበሉኝና ደብዳቤውን ገልብጠው፣ በጀርባው «ቆሰበር ማለት እንጅባራ» ብለው ጀመሩ። የቀበሌውን፣ የመንደሩን የድሮ ስም እያስታወሱ ሲጽፉ እንጅባራ ሳንደርስ ወረቀቱ ሞላ።

አሁን፣ ድሮ ሳምንት ሙሉ ይመላለስ የነበረ ባለጉዳይ በዕለቱ ጉዳዩን ጨርሶ ይገባል። ማሽኑ ሲሳሳት የሚደሰት ቀርቷል፤ ሮጦ የሚናገር ነው ያለው። ሠራተኛ የሚሸሸው ከመሣሪያው ይልቅ መሣሪያውን በማስፈራሪያ የሚያመጣበትን አለቃ መሆኑን ያን ጠዋት አየሁ።

ያ ወረቀት አሁንም መዝገብ ቤት አለ። ፊቱ «ጉዳዩ፦ ከሥራ ስለመልቀቅ» ይላል። አቶ ስማቸው ግን ፋይል ያደረጉት በጀርባው ነው።