ሹሩባዋን የሠራት

ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ አጠገባቸው አባቷ ጭን ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ሹሩባ አይተው ተደነቁ።

«እጇ ይባረክ! ማን ሠራሽ የኔ ቆንጆ?»

«አክስቴ» አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ።

«ቤቷ የት ነው? የልጅ ልጄን እወስድላታለሁ።»

አባትየው «እኔ ነኝ የሠራኋት፣ እማማ» አለ።

«አንተ? ወንዱ?»

«እናቷ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ እኔው ነኝ። በር ዘግተን ነው የምሠራት።»

«ምነው፣ ስርቆት ነው እንዴ በር የሚዘጋው?»

«የሰፈሩን አፍ ያውቁት የለ።»

«አባዬ፣ ለሰው አትናገሪ ብለኸኝ አልነበር?» አለች ልጅቷ።

እኔም ‹ወንዱ ጎመን ገዝቶ› እንዳልባል ብዬ ከወንበሩ ሥር ሸጉጬው የነበረውን የጎመን ፌስታል ሳብ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።