ጉድጓድ የገባው መዝገብ

ጋሽ ዓሪፍንና ማህሌትን ያገናኛቸው የአውቶቡስ ጎማ ነው። የካቲት 2014 ዓ.ም. ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ሞልቶ ሊነሳ ሲል የኋላ ጎማው ጧ አለና፣ በዚያ ዓመት ጆሮው ስንት ተኩስ የሰማው መንገደኛ ሁሉ ወንበር ሥር ተደፋ። ጎማ መሆኑ ሲታወቅ ሰው በራሱ እየሳቀ ወረደ። ጋሽ ዓሪፍ ግን አልሳቁም። በብብታቸው የያዙት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ወድቆባቸው ነበርና፣ እሱን አንስተው ጋቢያቸው ውስጥ ከወሸቁ በኋላ ነው የወረዱት።

መንገድ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠች ወጣት ተነስታ ቦታ ለቀቀችላቸው። የኮምፒውተር ቦርሳ አንግታለች።

"ይቀመጡ አባቴ። አንቱ ጋሽ ዓሪፍ አይደሉም እንዴ? ፎቶዎን ቧንቧ ሠራተኛው ወንድሙ አሳይቶኛል። እኔ ማህሌት እባላለሁ፤ የወልድያ ልጅ ነኝ። ቡድናችሁን ከተቀላቀልኩ ገና አንድ ወር ቢሆነኝ ነው።"

"አብሽሪ ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አሉ ጋሽ ዓሪፍ፤ ፌስታሉንም ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት።

ቡድኑ በሀብሩ ወረዳና በአካባቢው ያሉትን የእጅ ፓምፖች የሚጠግን የአሥራ አንድ ሰው ቡድን ነው። ጋሽ ዓሪፍ በውስጡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። የየጉድጓዱን ጥልቀት፣ የገባለትን ቧንቧ ብዛትና የተለወጠለትን ውሃ መሳቢያ ጎማ በአንድ ትልቅ ጥቁር መዝገብ ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ይውላል፤ የፈለገ ሰው መጥቶ እሳቸውን ይጠይቃል። በቆላው አገር እህል የሚቀበርበት የማሽላ ጉድጓድ የት እንዳለ ከባልና ሚስት በቀር አይታወቅም፤ ጋሽ ዓሪፍም ዕውቀታቸውን የያዙት እንደዚያው ነበር። ክፋት እንዳይመስላችሁ። እሳቸው አደራ የሚጠበቀው እንዲህ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

"ወልድያ ቢሮ ስገባ የጠበቀኝ ባዶ ግድግዳ ነው" አለች ማህሌት። "ኮምፒውተሩ የለም፣ ፋይሉ ግቢ ውስጥ ተቃጥሏል። ማንን ብጠይቅ 'የጋሽ ዓሪፍ መዝገብ አለ' ይለኛል። እኔም ለቡድናችን የውስጥ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነውና መዝገቡን ፍለጋ ነበር ዛሬ መርሳ የመጣሁት።"

ጋሽ ዓሪፍ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ለምን ቢሉ፣ መዝገቡ የለም። ማለትም አለ፤ ፌስታሉ ውስጥ ነው፤ ሰው እንዳያይባቸው በሄዱበት ሁሉ ይዘውት ይዞራሉ። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቃረብ፣ ሰው ወርቁን ሲደብቅ እሳቸው መዝገቡን በማሽላው ጉድጓድ ቀበሩት። ገለባ አነጠፉ፣ አመድ ነሰነሱ፣ አፉን በጭቃ መረጉ። ታኅሣሥ ላይ ሲከፍቱት ማሽላው ዳር ዳሩ ከመሻገቱ በቀር ደህና ነበር። ወረቀቱ ግን እንደ ማሽላ አይደለም። እርጥበቱ ገጾቹን አጣብቆ ቀለሙን አፍስሶታል፤ የተረፈውን ምስጥ በልቶታል። ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው ሁሪያ ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ "ጋሽ ዓሪፍ መዝገቡን አዳነው" እያለ ሲያመሰግናቸው፣ እሳቸው ምስጋናውን ዝም ብለው ተቀብለው ነበር።

"ድረ ገጽማ አውቃለሁ" አሉ፣ ነገሩን ለማዞር። "ልጄ ዱባይ ሆና የሠርግ ፎቶ የምትለጥፍበት አይደል?"

"እሱ ለዓለም ሁሉ የተከፈተ ነው። የኛው ለአሥራ አንዳችን ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃል የሌለው አይገባም። እያንዳንዱ ፓምፕ የራሱ ገጽ ይኖረዋል። ውርጌሳ መጋዘን ምን ዕቃ እንዳለ፣ ዛሬ ማን ወዴት እንደወጣ እዚያው ይታያል። ያልገባው ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመልሳል፣ መልሱም ለነገ ሰው ተጽፎ ይቀራል።"

"አምስት ወር ሙሉ መብራትም ኔትወርክም አጥተን ከረምን። ያኔ ይሄ ነገርሽ ምን ሊውጠው ነበር?"

"ኔትወርክ በሌለበት ስልክ ላይ ይጻፋል። ስልኩ ይዞት ቆይቶ አስፋልት ስንወጣ ይልከዋል። ዋናው ወልድያ ቢቀመጥም ግልባጩ በየቀኑ አዲስ አበባ ይሄዳል። ቢሮው ዳግም ቢቃጠል እንኳ…"

"አላህ አያምጣው በይ!"

"አሜን፣ አያምጣው" አለች ማህሌት ደንገጥ ብላ።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ ልጄ። የአገሩ ውሃ የት የት እንዳለ ክፉ ሰው ቢያየውስ?"

"መዝገብ ቢወድቅ ያነሳው ሁሉ ያነበዋል፤ ይሄኛው ቁልፍ አለው።"

ጋሽ ዓሪፍ ከበድ ያለውን አወጡት። "እሺ፤ አደራ የሚጣለው ግን በሰው ላይ ነው። ለአሥራ አንድ ሰው የተሰጠ አደራ ነገ ሲጠፋ ማን ይጠየቅበታል?"

"ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው ጋሼ። አስቤበት ልመልስልዎ። እስከዚያው መዝገቡን ያውሱኝ፤ ገጽ በገጹ ፎቶ አንስቼ ዛሬውኑ እመልሳለሁ።"

"መዝገብ አይዋስም!" አሉ ጋሽ ዓሪፍ፣ ጎማ ቀያሪው ቀና ብሎ እስኪያያቸው ድረስ። "የፈለገ ይጠይቀኝ። በቃሌ እነግረዋለሁ።"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? የፈሩት የመዝገቡ ጉድ እንዳይወጣ ነው፤ የተቆጡት ግን ድረ ገጹን ነው። እስከ ወልድያ ድረስ ከጎኗ ተቀምጠው፣ ሲሪንቃን ሲያልፉ ስለ ዝናቡ አወሯት እንጂ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላሉም።

መጋቢት ላይ ከመርሳ በላይ ባለችው ሾላ ውሃ በምትባል መንደር ፓምፑ እያንጠባጠበ አስቸገረ። ወንድሙ፣ የቡድኑ ቧንቧ ሠራተኛ፣ "ስንት ቧንቧ ነው ያለው?" ብሎ ጠየቃቸው። "ዘጠኝ" አሉት፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። ዘጠኝ አዲስ ቧንቧ በአህያ ተጭኖ ዳገቱን ወጣ፤ እሳቸውም አብረው ወጡ። አሮጌው ሲሳብ ዝጎ ኖሮ እየተሰበረ ነበር የሚወጣው። አንድ፣ ሁለት፣ … ዘጠኝ። ከዘጠኙ በኋላም መጣ። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።

ያንጠባጥብ የነበረው ፓምፕ አሁን ጭራሽ ፈርሷል፤ የጎደለው ሦስት ቧንቧ ያለው ውርጌሳ ነው። ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ወንዙ ቁልቁለቱን ጀመሩ። የወንዙን ውሃ የጠጡ ሁለት ሕፃናት ባለፈው ሳምንት ታመው መርሳ ጤና ጣቢያ ተኝተው ነበር፤ ይህን ጋሽ ዓሪፍ ያውቃሉ።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደረሰ። እማማ ብርሃኔ፣ ማተብ ያሰሩ ባልቴት፣ ከቤታቸው በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ።

"እንካ ዓሪፍ፣ ልጄ፤ ለውዱእህ ታጠብበት። ሰዓትህ እንዳያልፍብህ።"

"ለእርስዎስ እማማ?"

"እኔማ እንስራው ሥር ትንሽ አልጠፋም። አንተ እኮ ሠላሳ ዓመት ውሃ ያጠጣኸን ሰው ነህ።"

ጋሽ ዓሪፍ ጣሳውን ተቀብለው አዩትና መልሰው ሰጧቸው። "ያቆዩልኝ" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በአፈሩ ተየመሙ። የውሃ ሰው፣ በገዛ ቃሉ ካፈረሰው ፓምፕ አጠገብ፣ ውሃ እንዳጣ መንገደኛ በአፈር ፊቱን አበሰ። ሰግደው ሲነሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

በማግስቱ በጠዋት ወልድያ ቢሮ ገብተው ፌስታሉን ማህሌት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ወንድሙም ነበር።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉ። "መዝገቡ ይኸውልሽ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሙት ነው። በቃሌ ሳወራችሁ የነበርኩት እፍረቴን ለመሸፈን ነው። ትናንት የሾላ ውሃን ሴቶች ወንዝ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።"

ይህን ለመናገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ፣ ሠላሳ ዓመት የተከበረበት ነገር ድንገት ከእጁ የወጣበት ሰው ብቻ ነው። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስንል እንኖራለን፤ በሽታችንን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ የምናኖር ግን ስንቶቻችን ነን?

ማህሌት የተጣበቁትን ገጾች በጣቷ ነካ አደረገቻቸው። "ጋሼ፣ መዝገቡ እኮ አልሞተም። ተበትኖ ነው ያለው። ወንድሙ፣ እስቲ ያንን አሳያቸው።"

ወንድሙ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን አወጣ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ የሾላ ውሃ ፓምፕ ሲጠገን ያነሳው ፎቶ ነው፤ ቧንቧዎቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል። አሥራ ሁለት ናቸው። ጋሽ ዓሪፍም አጠገባቸው ቆመዋል።

"ይሄ ሁሌ አንተ ጋር ነበር?"

"ነበር ጋሼ። ትናንት ማታ ነው ያገኘሁት። አንቱ እያሉ ማን ያየዋል ብዬ ረስቼው ነበር።"

"አያችሁ?" አለች ማህሌት። "አንዱ ብቻ የሚያውቅበት ቤት፣ ሌላው የያዘውን እንኳ ይረሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አሁን ደግሞ የአደራውን ጥያቄዎን ልመልስ። በድረ ገጹ ላይ እያንዳንዱ መስመር የጻፈውን ሰው ስምና ቀኑን ይዞ ነው የሚቀመጥ። ተጠያቂው አይጠፋም። ማንም ቢያርመው የፊተኛውም ከሥሩ ይታያል።"

ጋሽ ዓሪፍ "እንግዲያውስ አንድ ነገር ጨምሪበት" አሉ። "ሰው የሚያውቀውን ሲጽፍ፣ እርግጠኛ ነኝ ወይም እርግጠኛ አይደለሁም የሚል ቦታ ይኑረው። እኔን የጣለኝ እሱ ነው። አላውቅም የሚባልበት ቦታ አልነበረኝም።"

ማህሌት ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም አልሰማችም። ያን ቀን ጨመረችው፤ ሾላ ውሃም የጎደሏት ሦስት ቧንቧዎች ከውርጌሳ ደረሱላት። ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ሙሉ እሳቸው እያወሩ፣ እሷ እየጻፈች፣ ሌሎቹም ከየስልካቸው ፎቶ፣ ከየመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ደብተር እያመጡ እያረሙ፣ የተበላው መዝገብ ገጽ በገጽ ተመለሰ። የጋሽ ዓሪፍ የመጀመሪያ ጽሑፍ በሁለት ጣት እየተለቀመ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። "ሾላ ውሃ፣ አሥራ ሁለት ቧንቧ። ዘጠኝ ብዬ ተሳስቻለሁ። ዓሪፍ።"

ነገሩ የገባው ሰው ደግሞ ሌላውን ሳያስገባ አያድርም። የውርጌሳው መጋዘን ጠባቂ ዓለምነህ "እኔ ዕቃዬን በልቤ ይዤዋለሁ፤ ምን ያስጽፈኛል?" ሲል ጋሽ ዓሪፍ ራሳቸው ሄዱበት። "ስማ ዓለምነህ፤ እኔም በልቤ ነበር የያዝኩት። ዛሬ ወንድሙ ዳገት ከመውጣቱ በፊት ያንተን ጎማና ቧንቧ ተቀምጦ ያያል፤ ባዶውን አይመላለስም። አዲስ የገባ ልጅ እኔን ከሶላት አስነስቶ አይጠይቀኝም። ብታመም ሥራው አይታመምም፤ ብሞትም ከኔ ጋር አይቀበርም። ደግሞስ እንቅልፍ አይናፍቅህም? እኔ እኮ ቁልፍ ከኪሴ ካወጣሁ ወዲህ ነው መተኛት የጀመርኩት።" ዓለምነህ ሳቀ፤ በማግስቱም የመጋዘኑን ዕቃ መጻፍ ጀመረ።

ነሐሴ 2014 ሊያልቅ ሲል በቆቦ በኩል ተኩሱ እንደገና ተነሳ። ወልድያ ያለው ቢሮ ተዘጋ፣ ማህሌትም ከእናቷ ጋር ደሴ ገባች። መርሳ በተፈናቃይ ተሞላች። ሁሪያ ዶማ ይዘው ጓሮ ወጡ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጉድጓዱን ልክፈተው? ዘንድሮስ ምን ትቀብራለህ?"

"ማሽላውን።"

"መዝገቡስ?"

"መዝገቡ የሚቀበር አይደለም" አሉ ጋሽ ዓሪፍ፤ ባዶ እጃቸውንም ዘርግተው አሳዩአቸው።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ማህሌት ከደሴ ጽፋለች፦ "መርሳ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ሰፍሯል፤ ውሃ የለም ይላሉ። እዚያ ያለው ፓምፕ ምን ጎድሎት ነው?" ገጹን ከፈቱት። ስምንት ቧንቧ፤ ጎማው አልቋል፤ የጻፈው ወንድሙ፣ ሰኔ ላይ። ከሥሩ ዓለምነህ፦ "ጎማ ውርጌሳ አለ፣ ሦስት።" ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከዚያ ሥር ወንድሙ ጻፈ፦ "ጎማውን ይዣለሁ፤ አስፋልት ላይ ነኝ።" ማንም ማንንም ፍለጋ አልሮጠም።

ጋሽ ዓሪፍ መፍቻቸውን ይዘው ወጡ። ከቀትር በኋላ ፓምፑ ሁለት ጊዜ ደረቅ ተነፈሰ፣ ሦስተኛው ላይ ጉሮሮውን ጠረገና ውሃው መጣ። ከቆቦ በእግሯ የመጣች እናት የልጇን ፊት አጠበች፤ ልጁ ሳቀ። ጋሽ ዓሪፍ ለአስር ሶላት በውሃ ውዱእ አደረጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው በሁለት ጣት ለቀሙ፦

"ትምህርት ቤቱ ፓምፕ፣ ዛሬ ውሃ ሰጥቷል። ዓሪፍ። እርግጠኛ ነኝ።"