ጣራ የፈራችው ምራት

ከቆሰበር ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት አጠገባቸው ላለችው ወጣት ያወሩላታል። እንደሰማሁት ከሆነ አይተዋወቁም።

«ምራቴ ቤት ውስጥ አልተኛም ብላ ስንቱን ቀን ደጅ አደረች መሰለሽ!»

«ምን ሆና?»

«ልጄ የሚሠራው አፋር ነበር። እዚያ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የቤታቸው ግድግዳ ተሰነጠቀ። እርጉዝ ሚስቱን ይዞ መጣልኝ። እሷ ግን ጣራ ሥር አልገባም አለች።»

«በዚህ ብርድ?»

«በዚህ ብርድ! ጓሮ ሸራ ወጠርንላት።»

«የእኛ አገር መሬት እኮ አይንቀጠቀጥም፤ አላሏትም?»

«አልኳት እንጂ። ‹ዘንገና ሐይቅን የፈጠረው እሳተ ገሞራ አይደል እንዴ?› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«አጠገቧ ተኛኋ! እርጉዝ ብቻዋን ደጅ ታድራለች? ባሌ ‹ሁለታችሁም አበዳችሁ› ብሎ ተቆጣ፤ ቆይቶ እሱም ጋቢውን ይዞ ወጣ።»

ወጣቷ ሳቀች። «ኋላስ?»

«ሴት ልጅ ተገላገለች። ከጤና ጣቢያ ስንመለስ ዝናቡ ወረደ። ሸራውን አየች፤ ሕፃኗን አየች። ‹እማማ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጡልኛል?› አለችኝ። ‹እቀመጣለሁ› አልኳት። ገባች።»

«እንቅልፍ ወሰዳት?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ትልቅ የጭነት መኪና በደጃችን ሲያልፍ ቆርቆሮው ተንቀጫቀጨ። እኔ በድንጋጤ ብድግ አልኩ። እሷ ልጇን አቅፋ ታንኮራፋለች!»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እማማ።»

እኔም ከኋላቸው፣ ሳይታወቀኝ ጥብቅ አድርጌ ይዤው የነበረውን የወንበራቸውን ብረት ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።